ሦስተኛው ክንፍ

ኖላዊት የምትባል አንዲት ልጅ በእኔ የተነሳ ከሥራዋ ልትባረር ለጥቂት ነው የተረፈችው። ይህን የማወራው ንስሐ ለመግባት አይደለም፤ እሱን ለነፍስ አባቴ ነግሬያለሁ። የማወራው ማመስገን ስላለብኝ ነው፤ ምስጋና ደግሞ እኔ ዘንድ ብርቅ ነው። ባለቤቴ በዛብህ "የአንቺ ምስጋና እንደ ጥርስ ነው፣ በጉጠት ካልሆነ አይወጣም" ይለኛል። ውሸቱን አይደለም።

ወይንሸት እባላለሁ። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ የአገር ቤቱ ባልሆነው ሶዶ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የዕቃ ባቡሩ ቆሞ መንገዱን ሲዘጋ ሁላችንም መኪናችን ውስጥ ሆነን የምንሳደብበት መስቀለኛ አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ፕሮፔለር ጠግኛለሁ። ፕሮፔለር ማለት ከጀልባው ኋላ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ነሐስ ነው። እዚህ ባሕሩ ላይ ከጫካ የወረደ ግንድ ይንሳፈፋል፤ ግንድ የመታ ጀልባ ክንፉ ይጣመምና እኛ ጋ ይመጣል። እናሞቀዋለን፣ እንቀጠቅጠዋለን፣ እንሞርደዋለን፣ እንደ ነበረ አድርገን እንመልሰዋለን። ስጀምር "ይቺ ሴትዮ መዶሻውን እንኳ ታነሳዋለች?" ያሉ ወንዶች ዛሬ ወገባቸውን ይዘው ጡረታ ላይ ናቸው። እኔ አለሁ፣ ተመስገን።

የሥራው ቁም ነገር ጥምዘዛው ላይ ነው። አራቱም ክንፎች እኩል መጠምዘዝ አለባቸው፤ አንዱ ከሌሎቹ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተለየ ጀልባው ይንቀጠቀጣል፣ ነዳጅም ይፈጃል። ይህን የምለካው ፕሮፔለሩ መሃል ላይ ተተክሎ በሚዞር ክንድና ከክንዱ ላይ ቁልቁል በሚወርድ፣ ቁጥር በተቀረጸበት ዘንግ ነበር። ዘንጉ ክንፉን ሲነካ ቁጥሩን አነባለሁ፤ እኔ ያነበብኩት ቁጥር ሕግ ነው። ኤሪክ፣ አያቱ ከኖርዌይ መጥተው ያቋቋሙትን ወርክሾፕ የወረሰው አለቃችን፣ አንድም ቀን "እስቲ ድገሚው" ብሎኝ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ይኸው ኤሪክ "ክላስተር ውስጥ ገብተናል" ብሎ መጣ። ክላስተር ሲባል እኔ የማውቀው አገር ቤት ገበሬዎች ማሳቸውን አገጣጥመው ስንዴ ሲዘሩ በቴሌቪዥን ያየሁትን ነው። የእነዚህ ደግሞ አሥራ አራት ወርክሾፖች ናቸው፤ በያጁ፣ ነሐስ አቅላጩ፣ ሞተር ጠጋኙ፣ ጀልባ ሠሪው፣ አንዱ የሌላውን ደንበኛ ሲነጥቅ የኖረ ሁሉ። አዲሱን የዲጂታል መሣሪያ አንድ ወርክሾፕ ብቻውን አይችለውም፤ አብረው ሲገዙት ግን ይቻላል። ስለዚህ አንድ ስካነር ገዙ፣ ፎርማ የሚያትም ማሽን በአቅራቢያችን ካለው ኮሌጅ ጋር ተጋሩ፣ ከቤት ቤት እየዞረች የምታሠራና የምታስተምር አንዲት ኢንጂነር ቀጠሩ። ድንኳንና ብረት ድስት በጋራ ገዝቶ ለባለ ተራው የሚያውሰው እድራችን ትዝ አለኝና ነገሩ ገባኝ። ደንባቸው ግን ከእድርም ይጠብቃል። አንዱ ቤት የተማረውን፣ የተሳሳተውንም ጭምር፣ በወሩ መጨረሻ ሐሙስ ለአሥራ አራቱም መናገር አለበት። ስህተቱን ለተቀናቃኙ የሚናገር ሰው፣ ወይ ጉድ አልኩ።

ኢንጂነሯ መጣች ሲባል ቀና ብል ሹሩባ የተሠራች የእኛው ልጅ ቆማለች። ሃያ አምስት አይሞላትም። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ።

"ወይንሸት የሚባሉ አሉ ሲሉኝ፣ ኦኬ፣ ሀበሻ ናቸው ብዬ ደስ አለኝ። ኖላዊት እባላለሁ። የደስታነሽ ልጅ።"

ደስታነሽን አውቃታለሁ። ቱክዊላ ነው የምትኖረው፤ ኤርፖርት አጠገብ ሆቴል ትሠራለች። በቤተ ክርስቲያናችን ዓመታዊ በዓል ስንት ዓመት አብረን ሽንኩርት ልጠናል። ልጇን ብቻዋን አሳድጋ ኢንጂነር ያደረገች ሴት ናት።

"እና እኔን ልትተኪ ነው የመጣሽው?" አልኳት። እንዲህ ነኝ እኔ፤ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም።

"ኖ፣ ኖ፣ እትዬ። አንቱን ልረዳ ነው" አለች ደንግጣ።

ያን ዕለት ኤሪክ ለብቻዬ ነገረኝ። የልጅቷ የሙከራ ጊዜ ስድስት ወር ነው። እኛ ቤት የምትሠራው ከሠመረ ክላስተሩ በቋሚነት ይቀጥራታል። ካልሠመረ ግን ትሰናበታለች።

ሥራዋን ስታሳየኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ ብል ውሸት ነው። አፌን ገጥሜ ነው ያየሁት፣ እንዳታውቅብኝ። ነሐሱ እንዳያብረቀርቅ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ነፋችበት። ካውያ የሚያህለውን ስካነር በክንፎቹ ዙሪያ አዞረችው፤ ፕሮፔለሩ ስክሪኑ ላይ ቁጭ አለ። ልክ የሆነው አረንጓዴ፣ ከልክ ያለፈው ቀይ፣ የጎደለው ሰማያዊ። እኔ ግማሽ ቀን የምፈጅበትን በሃያ ደቂቃ ጨረሰችው። ከዚያ የኮሌጁ ማሽን የክንፉን ትክክለኛ ቅርጽ በፎርማ ያትማል፤ እኔ ፎርማውን እያስጠጋሁ እቀጠቅጣለሁ፣ ልክ ሲገጥም አቆማለሁ። ዕድሜ ልኬን በግምት ስደበድብ የኖርኩት ትከሻዬ ከሁሉ በፊት አመሰገናት። እኔ ግን ዝም።

እሷም ከእኔ ትማር ነበር። መዶሻው ሲያርፍ ነሐሱ ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ እንዳለበት፣ ሲቀዘቅዝ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚመለስ፣ ሁሉንም ስነግራት ታብሌቷ ላይ ትጽፋለች። "እትዬ፣ ይሄ እኮ የትም ዶክዩመንት ላይ የለም" ትለኛለች ዓይኗ እያበራ። "ሥራሽን ሥሪ" እላታለሁ። ምሳዋን ይዛ አጠገቤ መቀመጥ ከጀመረች በኋላ ግን በማትመጣበት ቀን ወርክሾፑ ይጨልምብኝ ነበር፤ አሁን ልናገረው።

ከሁሉም የደበቅኩት አንድ ነገር ነበረኝ። ግራ ዓይኔ ከዓመት በፊት ጀምሮ በጉም ውስጥ እንደሚያይ ሆኖ ነበር። የዓይን ሞራ መሆኑን ጠርጥሬያለሁ፤ እናቴንም ይዟት ነበር። ቁጥር የማነበው ደግሞ ቀኙን ጨፍኜ በግራው ነው፤ የቆየ ልማድ ነው፣ አልለቅ አለኝ። ጉሙ ውስጥ ያልታየኝን በልምዴ እሞላዋለሁ። በዛብህ "ሐኪም ቤት ሂጂ" እያለ ይጨቀጭቀኛል፤ እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ። ሐኪም ጋ ከሄድኩ ወረቀት ይሰጠኛል፣ ወረቀቱን ኤሪክ ካየ ከግራይንደሩ ያነሳኛል። ከዚያ ሥራ ከተነሳሁ እኔ ማን ነኝ?

ነገሩ የተበላሸው በግንቦት ነው። "ማርጋሬት" የምትባል ዓሣ አስጋሪ ጀልባ ግንድ መትታ ፕሮፔለሯ እኛ ጋ መጣ። ካፒቴኑ ለሳልሞን ዓሣ ወደ አላስካ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ ወቅቱ ካመለጠው የዓመት ኑሮው አመለጠው ማለት ነው። ክላስተሩ ደግሞ ለአሥራ አራቱም ማሳያ እንዲሆን የመረጠው ይህንኑ ሥራ ነበር። አንደኛውና ሁለተኛው ክንፍ ክፉኛ ተጣመዋል፣ አራተኛው ደህና ነው። በእነዚህ ከኖላዊት ጋር ተስማማን። በሦስተኛው ተለያየን።

እኔ ዘንጉን አውርጄ መቶ ሰማንያ ስምንት አነበብኩ። ልክ መሆን ያለበት እሱ ነው። "ሦስተኛው ደህና ነው፣ አይነካ" አልኩ።

"እትዬ፣ ይቅርታ" አለች ኖላዊት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ስካነሩ ጫፉ ጋ አምስት ሚሊ ሜትር ጎድሏል ነው የሚለው። ሁለቴ ስካን አድርጌዋለሁ።"

"አብረቅርቆበት ይሆናል።"

"ዱቄቱን ነፍቼበታለሁ። ቼክ አድርጌያለሁ።"

ኤሪክ ቆሟል፣ ሁለቱ በያጆቻችን ቆመዋል። ደሜ ፈላ።

"ስሚ ኖላዊት፣ ይሄ ዕቃ ከካርቶኑ ከወጣ አራት ወሩ ነው። እኔ አንቺ ሳትወለጂ ነው እዚህ ቁጥር ማንበብ የጀመርኩት። መቶ ሰማንያ ስምንት ነው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው!"

ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ "እሺ" አለች።

ይህን እሺ ያላለ ሀበሻ የለም። ከታላቅ ጋር ላለመከራከር አንገት ደፍቶ የሚባል እሺ ነው። ኤሪክ ይህን ከየት ያውቃል? ተስማምተዋል ብሎ ወደ ቢሮው ገባ። ልጅቷ የስካነሩን ቁጥር ትታ የእኔን በእጇ አስገባች። ሥራው በዚያ መሠረት ወጣ፤ ሦስተኛውን ክንፍ ማንም ሳይነካው ፕሮፔለሩ ጀልባዋ ላይ ተገጠመ።

ካፒቴኑ ለሙከራ ወጣ። ሞተሩን ሲጨምር የጀልባዋ ኋላ ይንዘፈዘፍ ጀመር፣ ከመደርደሪያው ላይ ሳህን ረገፈ። በዚያው ተመልሶ መጣ። ሰውዬው አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "ዘጠኝ ቀን ነው የቀረኝ" ብሎ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ቆመ።

ኤሪክ ኮምፒዩተሩን ከፈተ። እዚያ ላይ ማን ምን እንደነካ ይመዘገባል። እኔ ከእነሱ አሥር እርምጃ ርቄ ነበር።

"የስካነሩን ንባብ የቀየረው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለች ኖላዊት።

"ለምን?"

"በትክክል አልፈረድኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ወደ እኔ ዞር ብላ እንኳን አላየችም። እኔም አልተናገርኩም። አሁን ሳወራው ራሱ ፊቴ ይግላል። በጊዜው ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ነበረኝ፤ ቁጥሬ ልክ ነው፣ መንቀጥቀጡ ከሌላ ነገር ነው፣ ፕሮፔለሩ ከሚገጠምበት ከጀልባዋ ዘንግ ይሆናል እያልኩ። ኤሪክ ራሱን ነቀነቀ። የመሣሪያን ንባብ በእጇ የምትቀይር ኢንጂነር አሥራ አራት ወርክሾፕ እንዴት ያምናታል፣ ሐሙስ ስብሰባው ይወስን አለ። ምን እንደሚወስን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በማግስቱ ፕሮፔለሩ ተፈትቶ ተመለሰ። ሰዉ ምሳ ሲወጣ እኔ መለኪያዬን ይዤ ቀረሁ። ቀኙን ጨፍኜ በግራው አየሁ፣ መቶ ሰማንያ ስምንት። ከዚያ ግራውን ጨፈንኩ። መቶ ሰማንያ ሦስት። ደገምኩት። ሦስተኛም ደገምኩት። ስምንት ያልኩት ሦስት ነበር፤ የልጅቷ ስካነር የተናገረው አምስት ሚሊ ሜትር ዓይኔ ሥር ነበር። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ከሥራ ወጥቼ ባቡር ውስጥ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። ደስታነሽ ናት።

"ወይንዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ ልልሽ ነው የደወልኩት።"

"ምን አድርጌ?"

"ልጄ ሥራ ላይ ተሳስታ ሊያባርሯት ነው መሰለኝ። ስታለቅስ ነው ያደረችው። ግን 'እትዬ ወይንሸት ብዙ አስተምረውኛል፣ እሳቸው ባይኖሩ ይሄን ያህልም አልቆይም ነበር' አለችኝ። እንደ ልጅሽ ስላየሽልኝ አመሰግንሻለሁ። ሥራ ሌላ ይገኛል፣ ሰው ነው የማይገኘው።"

"አይዞሽ" የሚል ነገር አልኩ መሰለኝ። ስልኩ ሲዘጋ ባቡሩ ኦቴሎን፣ የእኔን ሰፈር፣ አልፎ ሄዷል። ሬይኒየር ቢች ወርጄ በዝናቡ ወንበር ላይ ተቀምጬ የመመለሻውን ጠበቅኩ።

ቤት ስገባ ለበዛብህ ሁሉንም ነገርኩት። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ብሶት ስለሚሰማ ቤት ሲገባ ብዙ አያወራም።

"ዓይኔን ካወቁብኝ ያበቃልኛል" አልኩት።

"አንቺ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተሻል" አለኝ። "እሷ ገና ስድስት ወሯን አልጨረሰችም።"

ከዚያ እራት ሊያሞቅ ተነሳ።

ሐሙስ ዕለት ማንም ሳይጠራኝ ስብሰባው አዳራሽ ገባሁ፤ መለኪያዬን በክንዴ አቅፌ። አሥራ አራቱ ባለቤቶች ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ነሐስ ማቅለጫ ያላት፣ ጸጉሯ ሙሉ ለሙሉ የነጣ ሴትዮ ናት፤ ከኤሪክ ጋር የድሮ ተቀናቃኞች ናቸው። ኖላዊት ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ላፕቶፗን ዘግታ ቦርሳዋን ታቅፋለች፣ ልክ ተሰናብቶ እንደጨረሰ ሰው።

"ቁጥሩ የእኔ ነው" አልኩ በዚያው በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ። "ልጅቷ ልክ ነበረች። ሁለቴ ነግራኛለች። እኔ በሰው ፊት ጮኽኩባት፣ እሷ ዝም አለች። ስህተቱ የተነሳው ከእኔ ዓይን ነው።"

ሰብሳቢዋ ወደ ኖላዊት ዞረች። "እውነት ነው?"

ኖላዊት አንገቷን ደፋች። "ኮምፒዩተሩ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ" አለች። "ኃላፊነቱ የእኔ ነው።"

ወይ ልጅ አልኩ በሆዴ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የአገሯን ልጅ ልታድን የመጣች አሮጊት መስዬአቸዋለሁ፤ ከፊታቸው ላይ ይነበባል። ኤሪክ እንኳን በሐዘኔታ ነው የሚያየኝ።

እንግዲያው ይዩት ብዬ መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ ተከልኩት። "ኖላዊት፣ ነይ። እኔ ፊቴን ላዙር፤ ዘንጉን የፈለግሽው ቁጥር ላይ አቁሚው።" መጥታ አቆመችው። ዞርኩ፣ እንደ ልማዴ ቀኝ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ጎንበስ አልኩ።

"መቶ ስልሳ ስምንት" አልኩ።

ሁሉም ኖላዊትን ያያሉ። ኖላዊት ጫማዋን ታያለች። አሥራ አራት ሰው እየጠበቃት፣ እንጀራዋ በአንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቃሉ ከአፏ አልወጣም። እናቷ ያሳደገቻት እንደዚያ ነው፤ እኔም ብሆን ልጅ ቢኖረኝ የማሳድገው እንደዚያው ነበር። ያን ጊዜ በአማርኛ አልኳት፦

"ኖሊዬ፣ እናትሽ ደህና አድርጋ አሳድጋሻለች። ዛሬ ግን ካከበርሽኝ ተቃወሚኝ።"

ቀና አለች። ዓይኗ ሞልቷል።

"ተሳስተዋል፣ እትዬ" አለች። ቀጥላ በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ "ልክ አይደሉም። መቶ ስልሳ ሦስት ነው" አለች።

ሰብሳቢዋ ተነስታ መነጽሯን አድርጋ ዘንጉን አየች። "ስልሳ ሦስት" አለች። እኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "እግዚአብሔር ይስጥሽ" አልኳት ኖላዊትን። እንደዚያ ከልቤ ብዬው አላውቅም።

የብየዳ ቤቱ ባለቤት፣ ትልቅ ሰውዬ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ። "እኛም ቤት አንድ አሉ" አለ። "ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። የሚለኩት ልክ ይሁን አይሁን ጠይቆ የሚያውቅ የለም፣ እኔም ራሴ እፈራቸዋለሁ።" ሰዉ ሳቀ። በሌላው ቤትም አለ፤ አንድ በአንድ ማውራት ጀመሩ። ለካ ታላቅ መፍራት የእኛ ብቻ አይደለም። በዚያው ደንብ አወጡ፦ የሰው እጅና ስካነሩ ሲለያዩ አንዱም አይሰረዝም፣ ሦስተኛ ሰው እንደገና ይለካል። ኖላዊት በሥራዋ ትቀጥል ተባለ። ደንቡን የምትጽፈውም እሷው እንድትሆን ሰብሳቢዋ አዘዘች።

ከዚያ ሴትየዋ ወደ ኤሪክ ዞራ "ለማርጋሬት ስንት ቀን ቀራት?" አለችው።

"ስድስት።"

"የእኔ ምድጃ ነገ ባዶ ነው። አምጡት።"

ሌላው ክሬን ያለው መኪና ሰጠ። ጀልባ ሠሪው ተራ ይዛ የነበረችውን ጀልባ አቆይቶ ለማርጋሬት ቦታ ለቀቀ። የማን ደንበኛ ነው ያለ የለም። ሦስተኛውን ክንፍ በተቀናቃኛችን ምድጃ አሙቀን፣ በኖላዊት ፎርማ እያስተካከልን፣ ፕሮፔለሩን በአራተኛው ቀን ገጠምነው። ካፒቴኑ ለሙከራ ሲወጣ እኔም አብሬ ወጣሁ። ሙሉ ፍጥነት ላይ ሆኖ መሪው አጠገብ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስቀመጠ፤ ውሃው ዝም አለ። ሰውዬው ዓይኑን ከብርጭቆው ሳያነሳ እጄን ጨበጠ። ማርጋሬት በቀኗ ወደ አላስካ ወጣች።

ኤሪክ "ለምን አልነገርሽኝም?" አለኝ።

"ታነሳኛለህ ብዬ።"

"አነሳሻለሁ። እስክትታከሚ። እስከዚያ ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለኖላዊት ንገሪያትና ለአሥራ አራቱም ቤት ትመዝግበው። ስትድኚ ቦታሽ እዚህ ነው።" ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ሠርቼ ሰውዬውን አላውቀውም ነበር ማለት ነው። ስንት ሌሊት በከንቱ ፈራሁት።

ይህን ሁሉ ተናግሬ ሳበቃ ቀለለኝ ብዬ ነበር። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደስታነሽ ድፎ ዳቦ ይዛ ቤቴ መጣች። ጃኬቷን ሳትሰቅል ጉልበቴን ልትይዝ አጎነበሰች።

"ይቅር በያት ወይንዬ። በፈረንጆች ፊት 'ተሳስተዋል' አለችሽ አሉ። እንዲህ አድርጌ አላሳደግኳትም።"

ለካ ልጅቷ ለእናቷ የነገረቻት የራሷን ድፍረት ብቻ ነው። የእኔን ጥፋት አልነገረቻትም።

"ደስታ፣ ቁጭ በይ" አልኳት። "ልጅሽ አልበደለችኝም። የበደልኳት እኔ ነኝ።" ቁጥሩን፣ ዓይኔን፣ ጩኸቴን፣ ኤሪክ ሲጠይቃት አሥር እርምጃ ርቄ ዝም ማለቴን፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። "ስልክ ደውለሽ ስታመሰግኚኝም ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩሽ።" ከአሥራ አራቱ ባለቤቶች ፊት ይህቺ አንዲት ሴት ፊት ከበደችኝ።

ዳቦው የተሸፈነበትን ጨርቅ በጣቷ አስተካከለች። እርግማን ጠበቅኩ። ይገባኝም ነበር።

"ለዓይንሽ ቀጠሮ መቼ ነው?" አለችኝ።

"የሚቀጥለው ማክሰኞ።"

"ከሕክምናው በኋላ መንዳት አይቻልም። በዛብህ ሥራ ላይ ነው። እኔ እወስድሻለሁ።"

"ደስታ፣ እኔ እኮ ልጅሽን…"

"ሰምቼሻለሁ" አለች። "ብትደብቂኝ ነበር የማልወስድሽ።"

እጇን ይዤ "ስለ ልጅሽም ስለ አንቺም አመሰግንሻለሁ፣ ዕድሜ ይስጥሽ" አልኳት። ዳቦውን ቆርሰን በላን። በዛብህ መጣ፣ ስለ ሌላ ስለ ሌላው አወራን፣ እሷም ስቃ ነበር።

ልትሄድ ስትነሳ ግን በሩ ጋ ቆመች። የመኪናዋን ቁልፍ በእጇ ታገላብጣለች።

"ቤት ውስጥ አንድም ቀን እምቢ ብላኝ አታውቅም" አለች። "ኢንጂነሪንግ ተማሪ ስላት፣ እሺ። ከእኔ ጋር ኑሪ ስላት፣ እሺ። ያን የምትወደውን ልጅ ተዪው ስላት፣ እሺ። ታዛዥ ልጅ ሰጠኝ ብዬ ስንት ጊዜ ሻማ አብርቻለሁ።" ቀና ብላ አየችኝ። "ወይንዬ፣ ስንቱን ይሆን መሳሳቴን እያወቀች እሺ ያለችኝ?"

እኔ የማውቀው ለእኔ ያለችውን አንዱን እሺ ብቻ ነው።

"ጠይቂያት" አልኳት። "አሁን ትነግርሻለች።"

"እፈራለሁ።"

"እኔም ፈርቼ ነበር" አልኳትና ከወንበሩ ላይ ጃኬቷን አንስቼ አቀበልኳት።